ዕድል አይደለም፣ አቅም ነው

ሞሮኮ በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ስፔንን በጥሎ ማለፍ የጣለችው በመለያ ምት ዕድል ነው የሚለውን የአንድ ጸሐፊ አስተያየት ፈጽሞ አልቀበልም። ስፔን ኳሱን ከሺህ ጊዜ በላይ ተቀባበለች፤ በ120 ደቂቃ ግን አንድ ጎል እንኳ አላገባችም። ያንን በር የዘጋው ማን ነው? የሞሮኮው አምራባት መሃል ሜዳ ላይ ያለ እረፍት ሮጠ። ተከላካዩ አገርድ ተጎድቶ ሲወጣም የተከላካይ መስመሩ አልተናጋም።

መለያ ምቱ ላይ የስፔኑ ሳራቢያ ቋሚውን መታ። የሶሌርንና የቡስኬትስን ደግሞ የሞሮኮው ግብ ጠባቂ ቦኖ አዳነ። ስፔን ከ3 ምት አንዱንም አላስቆጠረችም! ከዚያ እዚያው ስፔን፣ ማድሪድ የተወለደው የሞሮኮው ሃኪሚ መጣና ኳሷን በጎሉ መሃል ቀስ አድርጎ ላካት። በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንዲህ መምታት ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል! ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። አሰልጣኙ ሬግራጊ ቡድኑን የያዘው ውድድሩ ጥቂት ወራት ሲቀረው መሆኑም አይረሳ። አንተ ጸሐፊው፣ እባክህ ጨዋታውን ደግመህ እየው።