ገፍተን የምናስነሳው ኮንሰርት

እስቲ ዛሬ እንኳ አናማርር፣ እናመስግን። ቅዳሜ ማታ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጅማ ዝናቧን ጠግባ በተኛችበት፣ ደጃችን ላይ ቆሞ የመኪናውን አራቱንም በር በርግዶ ለሰፈሩ በነፃ ሙዚቃ ያቀረበውን ልጅ ነው የማመሰግነው። ትኬት የለ፣ ወረፋ የለ፣ ፍተሻ የለ፣ አልጋህ ድረስ ይመጣልሃል። አልፈልግም ብትልም ይመጣልሃል፣ ደግነት ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው።

እናንተም ሰፈር አንድ አለ፣ አውቃለሁ። ከአጂፕ እስከ ሂርማታ፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ፣ እንዲህ ያለ በጎ አድራጊ የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝና ቤት ልከራይ። አንዳንዱ ባጃጅ ነው፣ ከወንበሩ ስር ስፒከር ቀብሮ ተሳፋሪው ወራጅ ወራጅ ብሎ ድምፁ እስኪዘጋ የማይሰማ። አንዳንዱ ቪትዝ ነው። የቪትዙን እንኳ ልለፈው ምክንያት አለው፣ ከጃፓን ይዞት የመጣው ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው የሚይዘው፣ የኛ ኤፍኤም ደግሞ እስከ 108 ይሄዳል፣ ዜና ልስማ ብሎ ቴፕ ቢቀይር ማን ይፈርድበታል። የኔ ጀግና ግን የዲኤክሱ ነው።

ዲኤክሷን ላስተዋውቃችሁ። ከባለቤቷ በእድሜ በጣም ትበልጣለች፣ እህቱ ሳትሆን አክስቱ ነው የምትሆነው። የግራ መስታወቷ በናስትሮ ነው የቆመው፣ የኋላ በሯ ከውጪ ካልሆነ አይከፈትም፣ ፍሬኗ ሁለቴ ካልተረገጠ አይሰማም፣ የዝናብ መጥረጊያዋ በሹፌሩ በኩል ያለው ብቻ ይሰራል፣ እሱም ደስ ሲለው፣ ያውም ጅማ ላይ! እና ይሄ ልጅ ስንት ጊዜ ቆጥቦ እጁ ላይ ብር ሲገባ ምን ቢገዛ ጥሩ ነው? የፍሬን ሸራ? ጎማ? እሱ የኛ የተራ ሰዎች ሀሳብ ነው። ባለ ስክሪን ቴፕ ገዛ፣ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ገዛ፣ ቤዝ የሚያጓራ ሁለት ባለ 12 ኢንች ዉፈር ገዛ፣ ዉፈሮቹ የኋላ ኮፈን ውስጥ እንዲመቻቸው ስኮርት ጎማዋ ቤት ቀረች።

ገጠማው ሶስት ቀን ፈጀ። እኔ በረንዳዬ ላይ ቡናዬን ይዤ ሶስቱንም ቀን ተከታተልኩ፣ ሌላ ስራ አልነበረኝም ብላችሁ አትስቁብኝ። የድሮው ቴፕ ቀዳዳ ቁመቱ 5 ሴንቲ ነው፣ ባለ ስክሪኑ 10 ይፈልጋል፣ ወርዳቸው ያው 18 ነው። የጎደለው 5 ሴንቲ ከየት ይምጣ? ከታች ካለው ከሲጋራ መተርኮሻው፣ ከዛም ትንሽ ከጎን። ብረት መጋዝ መጣ። ያቺ ዳሽቦርድ ይሄን ሁሉ ዘመን ፀሀይ እንጂ መጋዝ አይታ አታውቅም፣ ስትቆረጥ የምታሰማው ድምፅ በኋላ ከሰማሁት ሙዚቃ ሁሉ ይሻል ነበር። ቆርጠው ሲጨርሱ ለካ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ስክሪኑ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ዙሪያውን የብስኩት ካርቶን ጠቀጠቁበት።

ከዛ ሽቦ። ቢጫው ሁሌም ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣ ነው፣ ቴፑ ሰዓቱንና ጣቢያውን እንዳይረሳ። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው ከረንት የሚያገኘው፣ ጥቁሩ ቦዲ ነው፣ የመኪናዋ ብረት ላይ የሚታሰር። ይሄ ሁሉ ቴፑ አናት ላይ በስዕል ተለጥፏል። ቴፕ ገጣሚው መጀመሪያ ያደረገው ስዕሉን ልጦ መጣል ነው፣ ባለሙያ ወረቀት አያነብም፣ ከዛ ቢጫውንና ቀዩን በጥርሱ ልጦ "ያው ሁለቱም ፖዘቲቭ አይደሉ" ብሎ አንድ ላይ አጠማዘዛቸው፣ አምፑን የሚቀሰቅሰውን ሰማያዊ ሽቦም እዛው ላይ ደረበው። እንዲህ ሆኖ ዲኤክሷ ቁልፍ ቢነቀል የማይተኛ ቴፕ ያላት መኪና ሆነች። ፊውዝ ሲቃጠል የጥሩምባዋን ነቅለው ተኩበት፣ እሱም ሲቃጠል በማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው መለሱት። ፊውዝ ሽቦው ከሚነድ እኔ ልቃጠል ብሎ የሚሞት እቃ ነው፣ እሱን አሳርፈው ተራውን ለሽቦው ሰጡት፣ ሽቦው ደግሞ ለመኪናዋ ያስተላልፋል።

አምፑ ላይ በወርቅማ ቀለም 2000 ዋት ይላል። ልጁ ይሄን ለሰፈሩ ሁሉ አንድ በአንድ አሳይቷል። እኔ ሂሳብ ብዙም አልወድ፣ ግን ጀርባውን አዙሬ ሳየው ባለ 30 ፊውዝ ሁለት ነው ያለው፣ 60 አምፔር በ14 ቮልት ቢባዛ 840፣ ከሱም ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀረው አለ። የዲኤክሷ ዲናሞ ደግሞ በኮረዳነቷ ዘመንም ከ60 አምፔር አያልፍም፣ መብራቱም ባትሪውም ከሱ ነው የሚበላው። የቀረው ሺ ምናምን ዋት ከየት ይመጣል ብዬ ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ እሱ እኮ የፒክ ነው፣ ለቅፅበት የሚወጣው" አለኝ። ያኔ ገባኝ። የኔም ደሞዝ የገባ ቀን ፒክ አለው።

ለዚህ ነው ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቷ ድንግዝግዝ የሚለው። ዱም፣ ጨለማ፣ ዱም፣ ጨለማ። በአንድ ብሎን የተንጠለጠለችው ታርጋ ታጅባለች። የነሐሴን ዝናብ የለመደው ቆርቆሯችን እንኳ ይሄን መልመድ አቅቶት ይንጫጫል፣ ቡፌ ላይ ያለው ብርጭቆ በገዛ እግሩ ወደ ጠርዝ ይጓዛል። ቅዳሜ ማታ ሁለቱን በአየር ላይ ቀለብኳቸው፣ በዚህ እድሜዬ ይሄን ቅልጥፍና የሰጠኝ ማን ሆነና!

ከግድግዳችን ቀጥሎ ግን አራስ አለች። ሃያ ቀን ያልሞላው ልጅ አቅፋ። የስራ ቦታ ድምፅ የሚለኩ ሰዎች 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ አትቆዩ ይላሉ፣ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ይሄም ለጎልማሳ ጆሮ የተሰፈረ እንጂ ለጨቅላ አይደለም። እናትየው የልጁን ጆሮ በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ ብላ ነበር። ወንድሟ ወጥቶ ባለዲኤክሱን ለመነው፣ ባለዲኤክሱ "አንድ ዘፈን ብቻ ወንድሜ" አለው፣ አንድ ሰዓት ቆየ። ይሄ ጭፈራ አይደለም ጭካኔ ነው! የሰው ቤት በር ሰብረህ ብትገባ ሌባ ትባላለህ፣ በግድግዳ ሰርስረህ ህፃን ላይ ስትገባ አራዳ? እኛስ ብንሆን፣ አስር ሰው በየበረንዳው ቆመን አየን፣ አንዳችን ወርደን አጥፋው አላልነውም፣ እኔም አላልኩም፣ ከባለዲኤክሱ ይበልጥ ዝምታችን ነው ያንገበገበኝ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ቢጫና ቀይ አንድ ላይ ታስረው የለ፣ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ላልተከፈተ ቴፕ ሲደማ አድሮ ጠዋት ድርቅ ይላል። ስለዚህ በየጠዋቱ በር ይንኳኳል፣ "ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ትገፉልኝ?" እንወጣለን። እሁድ ጠዋትም ወጣን፣ እኔ በፒጃማ፣ ከማዶ ያሉት ጡረተኛ በጋቢ፣ አይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም የመሰለው የአራሷ ወንድም ሳይቀር። ኮብልስቶኑ ከዝናቡ ያንሸራትታል፣ አንዱ "ሁለተኛ አስገባ!" ይላል፣ ሌላው "ገና ነው፣ ገና!" ይላል፣ ስንቱ ሰፈር ነው በማታው ኮንሰርት ጠዋት ተሰብስቦ የሚተቃቀፈው። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሁለቴ አስላት፣ ጥቁር ጭሷን ፊታችን ላይ ተፋችና ተነሳች።

ቴፑም አብሮ ተነሳ። ሰዓቱን እንዳይረሳ በተሰራው ሽቦ የተነሳ ሰዓቱን ረስቶ ስክሪኑ 12:00 ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ስልኬን አየሁ፣ በኛ አቆጣጠር ከንጋቱ ልክ አስራ ሁለት ነው። ከመኪናዋ ሁሉ ትክክል የሰራው ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በሙሉ ፍቅር "ጋሼ፣ ለማታ ምን ዘፈን ልጫንሎት?" አለኝ።

እጄ ላይ የቀረውን ዝገት ፒጃማዬ ላይ እየጠረግኩ "ደስ ያለህን" አልኩት።