«ሥጋ የለውም» ብላችሁኝ ነበር እኮ

ዛሬ ይቺን ሳልተነፍስ አልተኛም።

ያለሁት ዪቢን ነው። ሲቹዋን ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ያንግትዜ የሚባለውን ስም የሚይዙባት ከተማ ናት። የመጣሁት ለመብላት ነው፣ ሌላ ጉዳይ የለኝም። ትምህርት ሲዘጋ ከዉሃን በፈጣን ባቡር እየተነሳሁ፣ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ የየአገሩን ምግብ መቅመስ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከስኮላርሺፕ ብሬ የምቆጥባት ሁሉ የምትሄደው እዚህ ላይ ነው። አይቆጨኝም።

ማታ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላት አንዲት ትንሽ ቤት ገባሁ። ፍልሰታ ስለሆነ ጾም ላይ ነኝ። ፎሶሊያ አዘዝኩ። ፎሶሊያው ቆዳው እስኪሸበሸብ ድረስ ይጠበስና በደረቅ ቃሪያ፣ በነጭ ሽንኩርትና በያጻይ ይታሻል። ያጻይ ማለት የአንድ የጎመን ዓይነት ግንድ ተሰነጣጥቆ፣ በጨውና በስኳር ታሽቶ ለወራት የሚቀመጥ ነገር ነው። ዪቢን የምትታወቀው በእሱ ነው። ከዉሃን ድረስ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

ከማዘዜ በፊት ጠየቅኩ። «ሥጋ አለው?» «የለውም።» «ምንም ዓይነት?» «የለውም፣ ፎሶሊያ ነው።» «እኔ ሥጋ አልበላም፣ እሺ?» «እሺ፣ እሺ።» ሦስት ጊዜ ነው የጠየቅኩት።

መጣ። ሽታው ሲመጣ አንጀት ያላውሳል። ያጻይ ተከትፎ ሲጠበስ ደቃቅ፣ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ በዘይት የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። የአሳማ ሥጋም ተፈጭቶ ከሶያ ሶስ ጋር ሲጠበስ ደቃቅ፣ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ በዘይት የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። ሳህኑ ላይ ተደባልቀው ዓይን አይለያቸውም። የሚለያቸው ጥርስ ነው። ያጻይ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ ያኛው አይንኮሻኮሽም። እኔ ያወቅኩት ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ነው።

ልጅቷን ጠርቼ ይሄ ምንድን ነው አልኳት። «እሱማ ሥጋ አይደለም፣ የተፈጨ ነው። ትንሽ ናት፣ ለጣዕም ነው» አለችኝ።

ትንሽ ናት፣ ለጣዕም ነው! ይቺን ነገር ስንት ከተማ ሰማኋት መሰላችሁ። ቼንግዱ ሰምቻታለሁ፣ ኩንሚንግ ሰምቻታለሁ፣ ቻንግሻ ሰምቻታለሁ። አንዳንዱ ደግሞ «ለቅመህ አውጣው» ይለኛል። ምኑን ነው የምለቅመው? ዘይቱስ?

ልጅቷን ክፉ ሰው ናት እያልኩ አይደለም። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። ነገሩ የሚጀምረው ከቋንቋው ነው። ቻይንኛ «ሮው» ማለት ሥጋ ነው። ግን ሜኑ ላይ ሮው ብቻውን ከተጻፈ አሳማ ማለት ነው። የበሬ ከሆነ የበሬ፣ የበግ ከሆነ የበግ ተብሎ ይጻፋል። አሳማ ግን ስሙ መጠራት አያስፈልገውም። «ቤት» የሚለው ፊደላቸው ራሱ ጣሪያ ነው፣ ከጣሪያው ሥር ያለው አሳማ ነው። በዓለም ላይ ከሚበላው የአሳማ ሥጋ ግማሽ ያህሉ የሚበላው እዚህ አገር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሥጋ አልበላም ሲል፣ ብዙዎቹ የሚገባቸው ቁራጭ ሥጋ አልፈልግም ማለቱ ነው። የተፈጨው ቅመም ነው፣ ስቡ ዘይት ነው፣ የአጥንቱ መረቅ ውሃ ነው።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ስለማውቅም ነው ሦስት ጊዜ የምጠይቀው።

የሚታየው ሥጋ እኮ ቀላሉ ነው። የሚያቃጥለኝ የማይታየው ነው። ሻንግሃይና ሱጆው አካባቢ ያንግቹን የሚባል ኑድል አለ። ሲያዩት ጾም የጾመ ምግብ ነው፤ ኑድል፣ ሶያ ሶስ፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ሌላ ምንም የለው። ግን ሳህኑ ሥር አንድ ማንኪያ የአሳማ ስብ ቀልጧል። ያ ሁሉ መዓዛ ከእሱ ነው። ኒንግቦ ደግሞ ታንግዩዋን አለ፣ ከሩዝ ዱቄት የሚድቦለቦል ጣፋጭ። መሀሉ ጥቁር ሰሊጥና ስኳር ነው ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ሰሊጥና ስኳር አለው። ሰሊጡን እንደዚያ የሚያቀልጠው ግን የአሳማ ስብ ነው። ቻኦጆው ሄጄ ጎደሬ ተፈጭቶ እንደ ገንፎ ሲቀርብ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የወላይታ ልጅ ነኝ፣ ጎደሬ ሳይ እናቴ ናት ትዝ የምትለኝ። ማንኪያውን ካነሳሁ በኋላ ነው አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «በአሳማ ስብ ካልተሠራ እኮ ጣዕም የለውም» ያሉኝ። በኩራት ነው የነገሩኝ። ማንኪያውን መልሼ አስቀመጥኩት። ጣፋጭ ምግብ ላይ ሥጋ አለው ብሎ መጠየቅ ለማን ትዝ ይለዋል?

የስልክ ሜኑም አይረዳም። አሁን ብዙ ቤት አስተናጋጅ አያናግራችሁም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ዊቻት በሚባለው የቻይኖች የመልእክት አፕ ስካን አድርጋችሁ ታዛላችሁ። ፎቶና ዋጋ እንጂ ምን ምን ገባበት የሚል የለም። የትርጉም አፑ «የዓሣ ጣዕም ያለው ደበርጃን» ይላችኋል። ዓሣ የለውም። ስሙን ያገኘው በፊት ዓሣ ይሠራበት ከነበረው ቅመም ነው፤ ከቃሪያ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኮምጣጤና ከስኳር። ዓሣ የሌለው ደበርጃን ግን ብዙ ጊዜ የተፈጨ አሳማ አለው። ስሙ ላይ ያለው የለም፣ ስሙ ላይ የሌለው አለ።

የኛዎቹም አላረፉልኝም። ይሄን ነገር በተማሪዎች ግሩፕ ላይ ባነሳሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነው። «ኢንዶሚህን ቀቅለህ ብላ፣ ማን ዙር አለህ?» ሌላው ደግሞ «እግዜር ልብህን ያያል፣ ዝም ብለህ ብላ» ይላል። ልቤን እንደሚያይማ አውቃለሁ። እኔ እየጠየቅኩ ያለሁት አስተናጋጇን ነው። አገር ቤት ሠርግ ላይ ለሙስሊምና ለክርስቲያን ለየብቻ ማዕድ የምናዘጋጅ ሰዎች ነን። ማንም «ትንሽ ናት» ብሎ የአንዱን ወጥ በሌላው ላይ አይጨምርም። ማን አረደው ብዬ የምጠይቅ ሰው ነበርኩ፤ እዚህ ከመጣሁ ያንን ትቻለሁ፣ ለምን እንደተውኩ ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። አሳማን ግን አልተውኩም። ጾሜንም አልተውኩም። መተው ያለብኝን የምወስነው እኔ ነኝ እንጂ ወጥ ቤቱ አይደለም።

ይቻላል እኮ! ላንጆው ሄጃለሁ፣ ከሙስሊም ጓደኛዬ ጋር። እዚያ የበሬ ኑድል የሚበላው ጠዋት ነው። ቺንግጀን የሚለው የሃላል ምልክት በሩ ላይ ስላለ ሁለታችንም ምንም ሳንጠይቅ ተቀመጥን። ሳህኑ ላይ አምስት ነገር መታየት አለበት ይላሉ፦ መረቁ ጥርት ያለ፣ ፍጅሉ ነጭ፣ የቃሪያ ዘይቱ ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ኑድሉ ቢጫ። ሰውየው ሊጡን በእጁ እየጎተተ ቀጭን ነው ወፍራም የምትፈልጉት ይላል። የሚጠይቀው የኑድሉን ውፍረት ነው። እኔም በሕይወቴ አንድ ጠዋት ስለ ውፍረት ብቻ አሰብኩ።

ጂያንሹይ ደግሞ አለች፣ ዩናን ውስጥ። እሷን መቼም አልረሳትም። ከሰል ላይ የብረት ወንፊት ተጥዶ፣ ዙሪያውን ዝቅ ባለ ዱካ ተቀምጠን፣ ትንንሽ ቶፉ፣ ከሶያ የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር፣ ይገላበጥልናል። ቶፉው ትንሽ ተብላልቷል፣ እሳት ሲነካው እንደ ሊጥ ይነፋል። እናትየዋ አጠገቧ የበቆሎ ፍሬ በሳህን አላት። አንድ ቶፉ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ፍሬ በእኔ በኩል ትጥላለች። መጨረሻ ላይ ፍሬው ይቆጠርና ሒሳቡ ይወጣል። እኔ 22 ፍሬ ነበረኝ። ጾም ላይ ነበርኩና እንደ ልማዴ በምን ዘይት ነው የምትቀቢው አልኳት። ከአጠገቧ ጠርሙሱን አንስታ አሳየችኝ። የጎመን ዘር ዘይት ነው። ከዚያ እሷው «ቺ ጃይ ነህ?» አለችኝ። ጃይ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚጾሙት ጾም ነው። አዎ አልኳት። የሚነከርበትን ድልህ አንስታ አሸተተችው፣ «ከዚህኛው አትብላ» ብላ ወደ ደረቁ በርበሬ ገፋችኝ። እዚያው ዱካው ላይ ዕንባዬ መጣ። ሳልለምናት ነው እኮ።

እኔ የምፈልገው ይቺን ያህል ነው። ምግባችሁን ቀይሩልኝ አላልኩም። ፎሶሊያው ያለ ሥጋ አይጣፍጥም ካላችሁ እውነታችሁን ነው፣ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። «አለው» በሉኝ፣ ነጭ ሩዝና የተቀጠቀጠ ኪያር አዝዤ እበላለሁ። የለውም ካላችሁኝ ግን አይኑረው። ለእናንተ ትንሽ የሆነችው ለእኔ ስንት እንደሆነች አታውቁም። ልታውቁም አይጠበቅባችሁም፣ እኔ ነግሬያችኋለሁና።

ዛሬ ማታ የፎሶሊያውን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ልጅቷ በር ድረስ ተከትላኝ መጥታ ይቅርታ አለችኝ፤ ግራ ገብቷታል፣ ምኑ እንዳስከፋኝ አልገባትም። ሆቴል ገብቼ ዉሃን ላለው ቻይናዊ የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። አንድ ወረቀት ላይ የምገለብጠው ጽሑፍ በዊቻት ላከልኝ፦ ቁራጭ ሥጋ አይሁን፣ የተፈጨ አይሁን፣ የአሳማ ስብ አይሁን፣ የአጥንት መረቅ አይሁን፣ ካለው እባክዎ አለው ይበሉኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ ስገለብጥ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ነገ ጠዋት ወደ ዚጎንግ ነኝ። የጨው ጉድጓድ አገር ናት። ጨዋማውን ውሃ ከጉድጓድ ይስቡ የነበሩት በሬዎች ናቸው፤ በቃሪያና በሚያደነዝዘው የሲቹዋን በርበሬ የሚቀቀለው የበሬ ሥጋቸውም ከእነዚያ በሬዎች ነው የመጣው ይባላል። እሱን ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ እበላዋለሁ። ጥንቸላቸውንም ያሞግሳሉ፣ እሱም ለእኛ አይሆንም፣ ወረቀቱ ላይ ጨምሬዋለሁ። እስከዚያ ቶፉና ጎመን ነው። ወረቀቱን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ።