አቦ ቁጭ በይ!

ቶሮንቶ ያሉት ጎረቤቴ ዕድሜያቸው ሰባውን አልፏል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ሲራመዱም ይንገዳገዳሉ። ተመርምረው የውስጥ ጆሮ ችግር ነው ተባሉ። ከዚያ አንድ ታብሌትና ግንባር ላይ የሚታሰር፣ የራስን እንቅስቃሴ የሚከታተል ሴንሰር ተሰጣቸው።

ጠዋት ጠዋት ወንበር ተደግፈው ይቆማሉ። ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ባለች ነጥብ ላይ ተክለው አንገታቸውን ግራና ቀኝ ያዞራሉ። ከዘገዩ ማሽኑ ፈጠን በሉ ይላቸዋል። ከተዉትም ይመዘግባል፤ በእንቅስቃሴ የምታክማቸው ፊዚዮቴራፒስት ክሊኒኳ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ልጆቻቸው ስንት ጊዜ እንደሚደውሉላቸው ባልናገር ይሻላል።

እንቅስቃሴው ራሱ ግን የታብሌት ዘመን ፈጠራ አይደለም። ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ጀምረውታል። ሚዛናችንን የምንጠብቀው በውስጥ ጆሮ፣ በዓይንና ከእግራችን በሚመጣው ስሜት ነው። ጆሮ የተሳሳተ መልእክት ሲልክ አንጎል ቀስ በቀስ ይለምደዋል። የሚለምደው ግን ሰውየው ሲንቀሳቀስ፣ ትንሽ ትንሽም ሲያዞረው ነው። ቁጭ ያለ ሰው አንጎል ምኑን ይልመድ?

ሐረር ያለችው አክስቴም ያው ናት፤ ያዞራታል። የእሷ ቤት ደግሞ ሰው አያጣም። አንዱ ግፊት ነው ይላል፣ ሌላው ባዶ ሆድ ነው ይላል። ብድግ ስትል ቤቱ በሙሉ «አቦ ቁጭ በይ!» ይላታል። ውኃውም ጫማውም እጇ ድረስ ይመጣላታል። ፍቅር ነው፣ አልክድም። ግን በፍቅር ብዛት እግሯ እየሰለለ ነው።

የሚገርመው ጓደኛዋ ናት። በዕድሜ ትበልጣታለች፤ የምትኖረው ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። እዚያ ቤት ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች፤ ከቤት ስትወጣ ደግሞ የድንጋይ ዳገት ይጠብቃታል። ፈረንጅ አገር ለእንዲህ ያለ ልምምድ ይሄን ደረጃ የሚመስል ፕላስቲክ በዶላር ይሸጣሉ።

አክስቴን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ማዞር ሁሉ አንድ አይደለምና። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ለጥቂት ሰከንዶች የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጆሮ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ጠጠሮች ቦታቸውን መልቀቅ ነው። እሱን ሐኪም አንገትን በተወሰነ አቅጣጫ እያዞረ በደቂቃዎች ያስተካክለዋል። ማዞሩ በድንገት ከአፍ መያያዝ ወይም ከአንድ ጎን መዛል ጋር ከመጣ ደግሞ ስፖርቱን ትቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።

የእሷ እንቅስቃሴ የሚፈልገው ሆነ። ስልኬ ላይ መተግበሪያ ብጭንላት አማርኛ አይችልም፤ መብራቱም ይሄዳል። ስለዚህ አውራ ጣቷን ፊቷ ላይ ዘርግታ እያየች አንገቷን ታዞራለች፣ የልጅ ልጇ አጠገቧ ቆሞ ይቆጥራል። ስትዘገይ ይጮህባታል፣ ስታጭበረብር ይይዛታል። ከቶሮንቶው ማሽን የሚለየው ከረሜላ መጠየቁ ብቻ ነው።

ልጇ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። «እንግዳ ሲመጣ እናቴ መሀል ቤት ቆማ አንገቷን ስታወዛውዝ ምን ይሉኛል?» ትለኛለች።