ስለ ሌዣኪም ትንሽ ልጨምር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ስላጠፏት የቼክ መንደር፣ ስለ ሊዲትሴ፣ የተጻፈው ጽሑፍ ጥሩ ነው። እንደ እሷ የጠፋችውን ሌዣኪን ግን በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ሌዣኪ የቼክ ደጋማ አገር በሚጀምርበት ኮረብታማ ስፍራ፣ ከፓርዱቢትሴ ከተማ በስተደቡብ፣ ሸለቆ ውስጥ የነበረች ናት። መንደር ከተባለች ነው እንግዲህ፤ አንድ የውሃ ወፍጮና ጥቂት የድንጋይ ጠራቢዎች ቤቶች ነበሯት። ከእንግሊዝ በፓራሹት የገቡ የቼኮስሎቫኪያ ተዋጊዎች «ሊቡሼ» የተባለችውን የሬዲዮ ማሰራጫ እዚያው አቅራቢያ ባለ የድንጋይ ካባ ደበቁ። ነዋሪዎችም ተባበሯቸው። የናዚው ሹም ሃይድሪክ ከተገደለ በኋላ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ የሆነው ጌስታፖ ይህን ደረሰበት። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1942 መንደሯ ተቃጠለች።

በሊዲትሴ የተረሸኑት ወንዶቹ ነበሩ፤ ሴቶቹ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ። በሌዣኪ ግን ሴቶቹም አልቀሩም። 33 አዋቂዎች በዚያው ምሽት ፓርዱቢትሴ ላይ ተረሸኑ። ከተወሰዱት 13 ሕፃናት 11ዱ ፖላንድ ውስጥ በነበረው የናዚ የግድያ ካምፕ፣ በኬልምኖ፣ ተገደሉ። የተረፉት ሁለት እህትማማቾች ብቻ ናቸው፤ እነሱም «ጀርመን ይሁኑ» ተብለው ተመርጠው ነው። ሊዲትሴ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠራች፣ ሌዣኪ ግን አልተሠራችም። ዛሬ መታሰቢያና ሙዚየም አላት። ቼክ ለምትሄዱ፣ ፕራግ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ።