ክርክር፦ መድን የሌለው መኪና ቢገጨን፣ ሦስተኛ ወገን ይበቃናል?

አይበቃም
(በሞተር ከባሕር ዳር ዘጌ የምትመላለስ የግብርና ባለሙያ)

ባለፈው ክረምት ከዘጌ ስመለስ አንድ ሚኒባስ ከኋላዬ መጥቶ ገጨኝ። ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። እኔ ተላልጬ ተረፍኩ። የሞተሬ ቸርኬ ግን ተጣመመ፣ ሰልባትዮው ተጨፈለቀ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሳ፤ ጥፋቱም የሹፌሩ ሆነ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የመድን ስቲከር ሲታይ ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖታል። «እከፍልሻለሁ እህቴ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልተነሳም።

ብዙዎቻችን «ኢንሹራንስ አለኝ» የምንለው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ይዘን ነው። እሱ እኔ ለምጎዳው ሰው እንጂ ለእኔ አይደለም። የገጨኝ ሰው መድን ከሌለው ደግሞ የመድን ፈንድ አለ። መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ለሚያደርሰው ሞትና የአካል ጉዳት ይክሳል። ለተሰባበረ ሞተር ግን አይከፍልም። የራሴን ሞተር ጭምር የሚሸፍን ሙሉ ሽፋን መድን ቢኖረኝ ኖሮ ኢንሹራንሱ ሞተሬን አሠርቶልኝ፣ ሹፌሩን ራሱ ይከሰው ነበር። አሁን ፍርድ ቤት የምመላለሰው እኔ ነኝ።

ሙሉ ሽፋን ይቅር፤ ብሩ ለአካል ይዋል
(ፋሲሎ አካባቢ የሚሠራ የሞተር መካኒክ)

እንኳን እግዜር አተረፈሽ ልጄ። እኔ ግን እላለሁ፣ ቸርኬ ከሱቅ ይገዛል፣ እግር አይገዛም።

ፈንዱ ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛው ካሳ 40,000 ብር ነበር፤ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር። የአጥንት ቀዶ ሕክምና ያሳከመ ሰው ይህ ስንት እንደሚያራምድ ያውቃል። ሙሉ ሽፋን ደግሞ በዋናነት የሚያየው ሞተሩን ነው። ላረጀ ሞተር በየዓመቱ ያን ያህል ዓረቦን (የመድን ክፍያ) ከፍለሽ፣ አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የራስሽን ድርሻ ትከፍያለሽ። ከዚያ በመለዋወጫው ላይ የእርጅና ይቀነሳል። እጅሽ ላይ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

እኔ የምመክረው የግል አደጋ መድን ነው። በመረጥሽው መጠን ለሞት፣ ለዘላቂ ጉዳትና ለሕክምና ይከፍላል። ገጪው ስቲከር ኖረው አልኖረው፣ ጥፋቱ የማንም ሆነ፣ አይጠብቅም።

መልስ ከባለሙያዋ

ጋሼ፣ የግል አደጋውን ተቀብያለሁ፤ እውነትዎን ነው። ሞተሩ ግን ለእኔ እንጀራዬ ነው። ሁለት ወር ያለሱ በእግሬ ሄጃለሁ፤ ያላየኋቸው ገበሬዎች ብዙ ናቸው። «እጅ ላይ የሚደርሰው ትንሽ ነው» ያሉትም ብዙ ጊዜ የእኛው ጥፋት ነው። ሞተሩን ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን ከዓመታት በፊት በገዛንበት እናስመዘግባለን። ግማሽ ዋጋውን አስመዝግበን ስንገጭ፣ የሚከፈለንም የጉዳቱ ግማሽ ነው። ውሉን ስናድስ ዋጋውን እናስተካክል።

መልስ ከመካኒኩ

በዋጋው ነገር አንከራከርም። ግን ልንገርሽ። ጋራዤ ጥግ ላይ አንድ ሞተር ቆማለች። ባለቤቷ ሙሉ ሽፋን ነበረው፣ የግል አደጋ ግን አልነበረውም። ሞተሯን ኢንሹራንሱ አሠርቷታል፤ ቀለሟ ሳይቀር አዲስ ነው። እሱ ገና በክራንች ነው የሚሄደው። ሊወስዳት አልመጣም።