«ጠግቦ ነው» አትበሉኝ

የአሜሪካዊውን የሮክ ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን የሕይወት ታሪክ ጨረስኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን፣ 500 ገጽ ገደማ የሚሆነውን። ሳነብ አድሬ ጠዋት ለጓደኛዬ ስለ ድብርቱ ባወራው «ይሄን ሁሉ ብር ይዞ ምን አስጨነቀው? ጠግቦ ነው!» አይለኝም! አንጀቴ አረረ።

ሰውየው ስድሳውን ካለፈ በኋላ እንኳን ድብርት እንደጣለው፣ ለዓመታት ሐኪም ዘንድ እንደተመላለሰ፣ መድኃኒት እንደወሰደ በገዛ እጁ ጽፏል። መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚዘለው ሰው! ይህን አውጥቶ መናገር ቀላል ነው እንዴ?

አባቱስ? ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ማታ ማታ መብራት አጥፍቶ፣ ቢራና ሲጋራውን ይዞ ወጥ ቤት ብቻውን የሚቀመጥ አባት። ልጁ በዚያ ጨለማ በኩል ማለፍ ይጨንቀው ነበር። ኋላ ልጁ ራሱ አባት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሽማግሌው በመቶዎች የሚቆጠር ማይል ነድቶ በጠዋት ከች አለ። ጥሩ አባት እንዳልሆነለት በራሱ አፍ ለልጁ ነገረው። ብዙም ቃል አላባከነም። እዚህ ጋ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ሰው ግን የሚጠይቀኝ «ስለ ሴቶቹስ ምን አለ?» ብሎ ነው። ኧረ በፈጠራችሁ! መጀመሪያ አንብቡት!