ክርክር፦ ዩሱፍ ሻሂን ተመልካቹን ከድቷል?

ግብጻዊው የፊልም ዳይሬክተር ዩሱፍ ሻሂን በ1926 እስክንድርያ ተወልዶ በ2008 ካይሮ አረፈ። ሁለት ጸሐፊዎቻችን በሥራዎቹ ላይ አልተስማሙም። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሱ፦ ከድቷል

ሻሂንን እወደዋለሁ፤ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። በ1969 የሠራውን «መሬት» እዩት። አቡ ሱዌይለም የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ታስሮ በፈረስ ይጎተታል። ጣቶቹ አፈሩን ይቧጥጣሉ፤ ጥጡን ጨብጠው አልለቅም ይላሉ። ይህን ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። መሬቱን የተነጠቀ ሁሉ ይገባዋል።

ከዚያስ? «እስክንድርያ... ለምን?» መጣ። አሜሪካ ሄዶ ትወና መማር ስለሚመኝ ልጅ፣ ማለትም ስለ ራሱ። በ1979 በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የብር ድብ የሚባለውን ሽልማት አገኘ። ጥሩ ፊልም ነው። ግን እዚያ መች አበቃ? በ1982 ደግሞ ልቡን ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግለት ዳይሬክተር ሠራ። አሁንም ራሱ። የፈረንሳይ ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ዓይኑ ወደ ፓሪስ ሆነ። የአቡ ሱዌይለም ልጆች የት ገቡ?

እሷ፦ አልከዳም

ወንድሜ፣ ተመልካች የምትለው የትኛውን ነው? በ1958 «ባብ ኤል ሐዲድ»ን ሲያወጣ የካይሮ ሕዝብ እኮ ተቆጣ። ፖስተሩ ላይ የድብድብ ፊልም ኮከቡን ፋሪድ ሻውቂን አይቶ ድብድብ ጠብቆ ነበር። ያገኘው ግን ቂናዊን ነው፤ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ የሚሸጥ አንካሳ። ሻሂን ራሱ ነው የተወነው። ቂናዊ ከመጽሔት የቆረጣቸውን የሴቶች ፎቶዎች ጎጆው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ለስላሳ የምትሸጠውን ሀኑማን ወዶ፣ እምቢ ስትለው ቢላ ያነሳል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ማድቡሊ «የሰርግ ልብስህ ነው» ብሎ እያባበለ እጁን ጠፍሮ የሚይዝ ሸሚዝ ያለብሰዋል። ዛሬ ከዓረብ ሲኒማ ምርጦች አንዱ ነው። በጊዜው ተመልካች ቢመዘን ኖሮ ግን ሞቶ ይቀር ነበር።

እሱ

እህቴ፣ ቂናዊን መጥቀስሽ የሚደግፈው እኔን ነው። ሕዝቡ ፊልሙን ቢጠላውም ታሪኩ የሕዝቡ የራሱ ነበር። ተሸካሚው፣ ለስላሳ ሻጯ፣ ማኅበር እናቋቁም የሚለው ሠራተኛ፣ ሁሉም አሉበት። የልብ ቀዶ ሕክምናው ፊልም ላይ እነሱ የት አሉ?

እሷ

ገንዘቡን ከየት ያምጣ ታዲያ? ግብጽ በ1967 በእስራኤል ስለተሸነፈችበት ጦርነት የሠራውን «ድንቢጥ» ሳንሱር አገደበት። በ1994 «ስደተኛው» ሲኒማ ቤት እየታየ ሳለ ጠበቃ ከሰሰው፤ የነቢዩ ዮሴፍን ታሪክ አሳይተሃል ተብሎ። ፊልሙም ታገደ። በዚያው ዓመት ደራሲው ናጊብ ማህፉዝ ካይሮ መንገድ ላይ በአክራሪ እጅ አንገቱን በጩቤ ተወጋ። ሌላ ሰው ቢሆን አርፎ ይቀመጥ ነበር። ሻሂን ግን በ1997 «ዕጣ ፈንታ»ን ይዞ መጣ። መጻሕፍቱ ስለተቃጠሉበት ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ነው። ጭፈራም ዘፈንም አለበት፤ ለሰፊው ሕዝብ እንጂ ለፓሪስ ብቻ የተሠራ አይመስልም። ያን ፊልም ያለ ፈረንሳይ ገንዘብ ማን ያሠራው ነበር?

እሱ

«ዕጣ ፈንታ» የሠመረው ስለ ራሱ ማውራት ትቶ፣ ሰው ሁሉ ስለፈራው ነገር ስለተናገረ ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ያ አቅም እያለው ለምን ያን ሁሉ ዓመት መስታወት ፊት ቆመ?